አሥር ደቂቃ በሰው ታንክ

በጀርመኗ ኮሎኝ ከተማ፣ ከራይን ወንዝ ማዶ ባለው ሰፊ የኤግዚቢሽን ማዕከል፣ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ጌምስኮም የሚባል የቪዲዮ ጌም ዐውደ ርእይ ይካሄዳል። አንድ ዓመት የእህቴን ልጅ ይዤ ሄጄ ነበር። ከሁለት ሰዓት በላይ ተሰለፍን። ለቪዛና ለመኖሪያ ፈቃድ ሲሰለፍ የኖረ ሰው ለጨዋታ ያን ያህል ሲቆም ራሱን መታዘቡ አይቀርም፤ ልጁ ግን ደስታው እግሩን አስረስቶታል። የተሰለፍነው ለታንክ ነበር።

ተራችን ሲደርስ አንዲት ፈገግተኛ አስተናጋጅ ልጁን ከአንድ ትልቅ ስክሪን ፊት አስቀመጠችው፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋችለት፤ ከዚያም በጌሙ ውስጥ ካሉት ሁሉ የላቀውን፣ መድፉ የቤት ምሰሶ የሚያህለውን ታንክ ሰጠችው። አሥር ደቂቃ ተጫወተ። ሦስት ታንክ አቃጠለ። ሲወጣ ፊቱ በርቷል። «አጎቴ፣ ቤት እንደደረስን እንጫነው» አለኝ።

ጫንነው። በነጻ ነው። ሲከፈት ያገኘው ግን ያንን ታንክ አልነበረም። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የተሠራች፣ ዳገት ስታይ የምታቃስት፣ ጥይቷ የጠላትን ብረት ጭሮ የሚመለስ ትንሽ ታንክ ናት የደረሰችው። ኮሎኝ ላይ የነዳትን ለማግኘት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት ቁጭ ብሎ አሰላ። ትምህርቱን ሳያቋርጥ ከሆነ ወራት ነው። የጌሙን ስም አልጠራም፤ የዚህ ዘርፍ ጌሞች ሁሉ በዚህ ረገድ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

በዐውደ ርእይ የሚታየው ታንኩ ነው። የሚሸጠው ግን ወደ ታንኩ የሚወስደው መንገድ ነው። መንገዱን በአሥር ደቂቃ ማሳየት አይቻልም፤ ቢቻልም የሚያሳይ ነጋዴ አይገኝም። በየዓመቱ ነሐሴ ሲደርስ «አዲስ የታንክ ጌም መጣ» የሚሉ ቪዲዮዎችና ዘገባዎች ስልካችንን ሲያጥለቀልቁት ይህን ይዞ ማየት ይጠቅማል። በተለይ አሁን። የሎስ አንጀለሱ ኢ3፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የዘርፉ ዋና መድረክ የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ለዘለቄታው መዘጋቱ ከታወጀ ወዲህ ትልቁ ሕዝባዊ ገበያ ኮሎኝ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ 357 ሺህ የሚጠጋ ሰው ገብቶበታል።

ነገሩ የተጀመረው ቤላሩስ ውስጥ ነው። ቪክቶር ኪስሊ እ.ኤ.አ. በ1998 በሚንስክ ያቋቋመው ዋርጌሚንግ የተባለ ኩባንያ ለዓመታት የስትራቴጂ ጌሞችን ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ክረምት ላይ ወርልድ ኦፍ ታንክስን ሩሲያ ውስጥ አወጣ፤ በተከታዩ ዓመት አውሮፓና አሜሪካ ገባ። አሠራሩ ቀላል ነበር። 15 ታንክ ከ15 ታንክ ጋር ይገጥማል፤ ታንኩ የተቃጠለበት ተጫዋች ከዚያ ውጊያ ይወጣል፤ ውጊያው ቢበዛ 15 ደቂቃ ነው። ያኔ ብዙዎቹ የአውታረ መረብ ጌሞች ስለ ጠንቋይና ዘንዶ ነበሩ፤ አርባ ዓመት የሞላው የጋራዥ ባለሙያ ወይም ጡረታ የወጣ ወታደር የሚያውቀው ነገር አልነበረባቸውም። ታንክ ግን ያውቃል። አያቱ ነድቶት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 በአንድ የሩሲያ ሰርቨር (ተጫዋቾችን የሚያገናኝ ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ላይ ብቻ 190,541 ሰው በአንድ ጊዜ ሲጫወት ተቆጥሮ በጊነስ ክብረ ወሰን ተመዘገበ።

ተቀናቃኙ ብዙም አልቆየም። ጋይጂን ኢንተርቴይንመንት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በሞስኮ የተመሠረተና በኋላ መቀመጫውን ወደ ሃንጋሪዋ ቡዳፔስት ያዛወረ ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ዋር ተንደርን ለሕዝብ ሙከራ ከፈተ። መጀመሪያ አውሮፕላን ብቻ ነበር። ታንክ እ.ኤ.አ. በ2014 ተጨመረበት፤ መርከብ ከዚያ በኋላ ተከተለ። ሦስተኛው አርመርድ ዋርፌር ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይልቅ የዘመናችንን ታንኮች ይዞ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ፤ የሠራው ኦብሲዲያን የተባለ የካሊፎርኒያ ስቱዲዮ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የሩሲያው አሳታሚ ሥራውን ከኦብሲዲያን ወስዶ ለራሱ ሰዎች ሰጠው። ኦብሲዲያን ባለበት ጊዜ ዐውደ ርእይ ላይ በስሙ ተማርኮ ጌሙን የጀመረ ተጫዋች ሌላ ሰው የሚጋግረውን እንጀራ መብላት ጀመረ ማለት ነው።

እነዚህን ጌሞች ከተራ የተኩስ ጌም የሚለያቸው ምንድን ነው? ብረቱ ነው። የታንክ ውጊያ ማን ቶሎ ተኮሰ የሚባልበት አይደለም፤ የማን ጥይት የማንን ብረት በየት በኩል በሳ የሚባልበት ነው። ዳቦን ቀጥ አድርጎ የቆረጠና አግድሞ የቆረጠ ሰው የሚያገኘው ቁራጭ እኩል አይደለም፤ አግድም የሄደው ቢላ ብዙ ዳቦ ማለፍ አለበት። ጥይትም እንደዚያው ነው። የሶቪየቱ ቲ-34 የፊት ብረት ውፍረቱ 45 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከቀጥታው 60 ዲግሪ ያህል ስለ ተጋደመ ፊት ለፊት የመጣ ጥይት 90 ሚሊ ሜትር ብረት መብሳት ይጠበቅበታል። የጀርመኑ ታይገር በበኩሉ 100 ሚሊ ሜትር ብረት ቀጥ አድርጎ ይዞ ይቆማል። ዕውቀት ያለው ተጫዋች ታይገርን ሲነዳ ለጠላት ፊቱን ቀጥ አድርጎ አይሰጥም፤ ሰውነቱን ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ያቆመዋል፤ ያን ጊዜ ቀጥ ያለው ብረት የተጋደመ ይሆንለታል። ይህን ያወቀ ልጅ ሳያውቀው ትሪጎኖሜትሪ ተምሯል። የእህቴ ልጅ የሒሳብ አስተማሪ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል ባላውቅም፣ ኮሳይን ምን እንደሆነ ልጁ የገባው ከታንክ ነው።

ከዚህ በኋላ ግን ሁለቱ ትልልቆቹ ጌሞች መንገዳቸው ይለያያል። በወርልድ ኦፍ ታንክስ እያንዳንዱ ታንክ የተወሰነ የዕድሜ ነጥብ አለው፤ የበሳ ጥይት ከዚያ ላይ ይቀንሳል፤ ቀኑ የቀና ጥይት ብዙ፣ ያልቀናው ጥቂት። መካከለኛ ጉዳቱ 400 የሆነ መድፍ አንድ ጊዜ 300፣ ሌላ ጊዜ 500 ሊያደርስ ይችላል፤ ከላይም ከታችም እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ዕጣ በውስጡ ተቀምጧል። ዋር ተንደር ይህን የዕድሜ ነጥብ አይቀበልም። ጥይቱ ከገባ በኋላ ስብርባሪው የት እንደሄደ ያሰላል፤ ተኳሹን መታ? ጥይት አጉራሹን? ነዳጁን? የተከማቸውን ጥይት? አንድ ምት ሊጨርስህ ይችላል፤ አሥር ምትም ላይጨርስህ ይችላል። ዕድልን የሚወድ ሰው አንዱን፣ አናቶሚ የሚወድ ሌላውን ይመርጣል። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ፤ መሸነፌ በምን እንደሆነ ሲነገረኝ ንዴቴ ይቀንሳል።

ዐውደ ርእይ ላይ ይህ ሁሉ ይጠፋል። አጠገብህ የተቀመጠው ጓደኛህም ጠላትህም እንዳንተ ከአሥር ደቂቃ በፊት መሪውን የያዘ ሰው ነው። ዘንበል ብሎ የሚቆም የለም። ስለዚህ ሁሉም ይበሳል፤ ሁሉም ያቃጥላል፤ ሁሉም ጀግና ሆኖ ይወጣል። ቤትህ ስትገባ የሚገጥምህ ግን ከአሥር ዓመት በላይ እያንዳንዱን ቁጥቋጦ በስም የሚያውቅ ሰው ነው። በወርልድ ኦፍ ታንክስ ጠላትን ማየት ራሱ በስሌት ነው፤ የአንድ ታንክ ዓይን የቱንም ያህል ቢሻሻል ከ445 ሜትር ወዲያ ያለን አዲስ ጠላት አይገልጥም፤ በ50 ሜትር ውስጥ የገባ ጠላት ደግሞ ግድግዳ ቢጋርደውም ይገለጣል። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ከየት እንደተመታ ሳያውቅ ይሞታል፤ ከዚያም «ማጭበርበር ነው» ብሎ ይጮኻል።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው።

ታንኮቹ በደረጃ ተደርድረዋል። ከታች ተነስቶ ወደ ላይ ለመውጣት በየውጊያው የልምድ ነጥብና የጌሙ ገንዘብ ይሰበሰባል። ጥይት ይገዛል፤ የተጎዳ ታንክ ጥገና ይከፈልበታል። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ወጪው ስለሚያድግ፣ ከላይ ያለ ተጫዋች ተዋግቶ ተሸንፎ ዕዳ ውስጥ የሚገባበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ሱቁ ይታያል። በወርልድ ኦፍ ታንክስ ለወር የሚከፈል አገልግሎት ገቢህን በ50 በመቶ ያሳድግልሃል። ብዙ ገንዘብ ይዘው የሚመለሱ በእውነተኛ ብር ብቻ የሚገዙ ልዩ ታንኮችም አሉ። ዋርጌሚንግ እ.ኤ.አ. በ2013 «ገንዘብ የከፈለ በውጊያ ውስጥ ብልጫ አያገኝም» የሚል መርሕ አውጆ ነበር፤ በጊዜው ተጨብጭቦለታል። በጥቅሉ ቃሉን ጠብቋል ቢባል ሐሰት አይደለም፤ መድፍህ ስለከፈልክ አይበረታም። የምትገዛው ጊዜህን መልሰህ ነው። ጊዜህን መጀመሪያ የወሰደው ማን ሆነና?

ተጫዋቾች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የዋር ተንደር ተጫዋቾች በአንድነት ተነስተው ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ላይ አሉታዊ አስተያየት እንደ ጎርፍ አወረዱበት። የተቆጡት ስለ መድፍ ኃይል ወይም ስለ ምስል ጥራት አልነበረም። ስለ ጥገና ክፍያና ስለ አድካሚው የእድገት ጉዞ ነበር። ኩባንያው ጥቂት ካንገራገረ በኋላ የለውጥ ዕቅድ አውጥቶ ኢኮኖሚውን አሻሻለ። በየትኛውም ዐውደ ርእይ ላይ ግን የጥገና ክፍያ ማሳያ ስክሪን ላይ ተሰቅሎ አይቼ አላውቅም።

ከዚህ የባሰው ቶምቦላው ነው። ምን እንዳለበት የማይታወቅ ሳጥን ከፍለህ ትከፍታለህ፤ የምትመኘው መርከብ ወይም ታንክ ሊወጣ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ቀለምና ኮተት ነው። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 በጌም ውስጥ የሚሸጡ እንዲህ ያሉ ሳጥኖች የአገሪቱን የቁማር ሕግ ይጥሳሉ ብሎ ወስኗል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የዋርጌሚንግ የመርከብ ጌም ወርልድ ኦፍ ዋርሺፕስ ሚዙሪን፣ ጃፓን የሽንፈት ፊርማዋን ያኖረችባትን መርከብ፣ በዕድል በሚወጣ ጥቅል ውስጥ አድርጎ ሲያቀርባት ጌሙን ለዓመታት በቪዲዮ ሲያስተዋውቁ የኖሩ በርካታ ሰዎች ተነስተው ትተውት ወጡ። የወጡት ጠላቶቹ አልነበሩም፤ ወዳጆቹ ነበሩ።

የሚታየውና የሚደርሰው መለያየቱ በደረጃ ብቻ አይደለም፤ በዘመንም ነው። ያቺው የመርከብ ጌም መጀመሪያ የተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ያኔ ስሟም ሌላ ነበር። የወጣችው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ነው። የአውሮፕላኑ ወንድሟ፣ ወርልድ ኦፍ ዋርፕሌንስ፣ ቶሎ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። ነገር ግን የታንኩን ያህል ሰው ሳያገኝ ቀርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 እንደገና ተሠርቶ ለመውጣት ተገደደ። ቶሎ የመጣው ተንገዳገደ፤ የዘገየችው ቆመች። በጣም የሚያሳዝነው ግን ስቲል ሃንተርስ ነው። ከታንክ ወደ ግዙፍ ብረት ለበስ ሮቦት የተሸጋገረው ይህ የዋርጌሚንግ ጌም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 በሚሊዮኖች በሚታይ የሽልማት መድረክ ላይ ተዋወቀ፤ በሚያዝያ 2025 ለመጀመሪያ ተጫዋቾች ተከፈተ፤ በጥቅምት 2025 ሰርቨሩ ተዘጋ። ከመጋረጃ መግለጥ እስከ ቀብር አንድ ዓመት አልሞላም። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ልዩነቱ የዚህችን ላም ወተት ጥቂቶች ለስድስት ወር መቅመሳቸው ብቻ ነው። እነዚህ ጌሞች መጽሐፍ አይደሉም፤ ገዝተህ መደርደሪያ ላይ አታኖራቸውም። ሰርቨሩ ሲጠፋ ያለህ ሁሉ ይጠፋል።

እዚህ ላይ አንባቢ «እንዲህ ከሆነ ለምን ይጫወታሉ?» ቢል ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። መልሱን ከአንድ አስቂኝም አስደንጋጭም ታሪክ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 አንድ የዋር ተንደር ተጫዋች የእንግሊዙ ቻሌንጀር 2 ታንክ በጌሙ ውስጥ በትክክል አልተሠራም ብሎ ተቆጣና ለማስረጃ የታንኩን ምስጢራዊ መመሪያ ገጾች በተጫዋቾች መወያያ መድረክ ላይ ለጠፈ። ኩባንያው ሰነዱ አሁንም ምስጢር መሆኑን ከእንግሊዝ መከላከያ አረጋግጦ አነሳው። ጥቂት ወራት ሳይቆዩ የፈረንሳዩ ለክለርክ ታንክ ሰነድ ወጣ፤ በተከታዩ ዓመት የቻይና ታንክ ጥይት ሰነድ ተከተለ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካው ኤፍ-16 ተዋጊ አውሮፕላን ሰነድ መጣ። እነዚህ ሰዎች ሰላዮች አልነበሩም። የሚወዱት ታንክ መድፉን የያዘው ማማው በሰከንድ ስንት ዲግሪ እንደሚዞር ክርክር ለመርታት ብለው የእስር ቤት በር ያንኳኩ ሰዎች ናቸው። ጋይጂን የሚጠቀመው ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሰነድ ብቻ መሆኑን ደጋግሞ አስታውቋል፤ የተለጠፈውንም ሁሉ ያነሳል። ሰው እስከዚህ የሚሄድለት ነገር ተራ ጨዋታ አይደለም፤ ፍቅር ነው። ሱቁም የተሠራው በዚሁ ፍቅር ላይ ነው።

ፍቅሩን በደግ መንገድ የተጠቀሙበት ጊዜም አለ። ዋርጌሚንግ በደቡብ እንግሊዝ የሚገኘውን የቦቪንግተን ታንክ ሙዚየም ለዓመታት ደግፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1943 ቱኒዚያ ላይ የተማረከው ታይገር 131 የሚገኘው እዚያ ነው። በርማ ውስጥ ተቀብረዋል የተባሉ ስፒትፋየር አውሮፕላኖችን የሚፈልግ ቁፋሮም ገንዘብ አውጥቶ አስጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድም ሳይገኝ ቀረ። ማስታወቂያም ቢሆን እንዲህ ያለ እብደት ደስ ይለኛል።

ደስ የማይለው እውነተኛው ጦርነት ነው። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ዩክሬንን ስትወር በኪየቭም በሚንስክም ቢሮ የነበረው ዋርጌሚንግ መሐል ላይ ተገኘ። በዚያው ዓመት ከሩሲያና ከቤላሩስ ለቆ ወጣ፤ በዚያ ያለውን ሥራ ሌስታ ለተባለ ስቱዲዮ አስተላለፈ። አንዱ ጌም ሁለት ሆነ፤ የሩሲያው ቅርንጫፍ ስሙን ቀይሮ ለብቻው ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የሞስኮ ፍርድ ቤት የሌስታን ድርሻ ለመንግሥት ወረሰ። በአንድ ሰርቨር ላይ አብረው ሲዋጉ የነበሩ የሩሲያና የዩክሬን ልጆች ዛሬ አንዱ በሌላው ላይ እውነተኛ ቲ-72 እየነዳ ይሆናል። በኮሎኙ አዳራሽ ጭስ እየተረጨ፣ ድምፅ ማጉያው እያገሣ ታንክ ሲታይ ይህ ከሐሳቤ አይወጣም። በመንገድ ዳር የተቃጠለ ታንክ እያየ ያደገ የአገሬ ልጅ ደግሞ ከእኔ በላይ ይገባዋል።

አዲስ አበባ ላይ ሆኖ እነዚህን ጌሞች ለሚጠብቅ ሰው ዐውደ ርእዩ የሚደብቀው ሌላም ነገር አለ፤ ርቀት። በአዳራሹ ኮምፒውተሮቹ ከሰርቨሩ ጋር በጥቂት ሜትር ሽቦ የተያያዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ሰርቨሩ ጀርመን ፍራንክፈርት ነው ብንል ግን ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል ብንል እንኳን ደርሶ ለመመለስ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈልጋል፤ ይህ ገመዱ እንደ ወፍ ቢበር ነው። ወደብ የሌላት አገራችን ገመድ ግን በጎረቤት አገር በኩል ወጥቶ ባሕሩን ዞሮ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ በተግባር የሚታየው ፒንግ፣ ማለትም መልእክት ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ፣ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። እዚህ ላይ የታንክ ጌም ባሕርይ ይታደጋል። ቀስ ብሎ ጥይት የሚጎርስ ከባድ ታንክ የነዳ ሰው ቅጽበት ብትዘገይበት ብዙ አይጎዳም፤ ፈጣን ቀላል ታንክ ወይም አውሮፕላን የመረጠ ግን ጠላቱ ከነበረበት ቦታ ላይ ሲተኩስ ይውላል። ክፍያውም እንደዚሁ ነው። ዋጋው የተተመነው በዶላርና በዩሮ ነው፤ ብር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ያው ታንክ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ተወድዷል፤ የአገር ውስጥ ባንክ ካርድ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ግዢ በቀላሉ አያገለግልም። ባሕር ማዶ ወንድም ያለው ወንድሙን ይለምናል፤ የሌለው በትዕግሥት ይወጣል። ብዙው የአገሬ ተጫዋች ደግሞ ኮምፒውተርም ኮንሶልም (ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ የጌም ማጫወቻ) የለውም፤ ያለው ስልክ ነው። ለእሱ ከኮሎኙ ትልቅ ስክሪን ይልቅ የስልኩ ስሪት፣ ሰባት ለሰባት የሚገጠምበት ወርልድ ኦፍ ታንክስ ብሊትዝና መሰሎቹ፣ ይበልጥ ያገባዋል።

እንግዲህ የሚመጣውን እንዴት እንይ? ዋርጌሚንግ እ.ኤ.አ. በ2025 ዋናውን ጌም 2.0 ብሎ አድሶ የደረጃውን መሰላል በአንድ እርከን አስረዝሞታል፤ አሥር የነበረው ጣሪያ አሥራ አንድ ሆነ። መድረክ ላይ ይህ «አዲስ ታንኮች» ተብሎ ይነገራል፤ እኔ ግን «ረዘም ያለ መንገድ» ብዬ አነበዋለሁ። ሌላው ወርልድ ኦፍ ታንክስ ሂት የሚባለው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ታሪክ ሌላ መንገድ ቢይዝ ኖሮ በሚል ግምት ላይ የተመሠረተ፣ እያንዳንዱ ታንክ የራሱ ልዩ ችሎታ ካለው ገጸ ባሕርይ ጋር የተቆራኘ፣ ከኮምፒውተርም ከኮንሶልም የሚጫወቱት ጌም ነው። ፈጣን ነው። ለአሥር ደቂቃ ማሳያ እንደተሠራ ያህል ነው፤ ጥንካሬውም ሥጋቴም እሱ ነው። ቀስ ብሎ ማሰብን፣ ዘንበል ብሎ መቆምን የወደደ አሮጌ ተጫዋች ይከተለው ይሆን? ስቲል ሃንተርስም በገጸ ባሕርይና በችሎታ ላይ የቆመ ነበር። ማሳያውን የነካ ጋዜጠኛ ሁሉ «ታንኩ እንዴት ነው?» ከሚል ይልቅ «ይህን ታንክ ቤቴ ስገባ በስንተኛው ቀን አገኘዋለሁ? ስሸነፍ ምን እከፍላለሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ዘገባው ግማሽ ገጽ ያጥራል፤ ለአንባቢ ግን እጥፍ ይጠቅማል።

ስለ ሚዛንም አንድ ነገር ልበል። እነዚህ ጌሞች የቆሙት በእኩልነት ላይ ነው፤ 15 ለ15፣ ደረጃ ከደረጃ ጋር። እውነተኛ ጦርነት እንደዚያ አያውቅም። ጀርመን ታይገርን 1,350 ያህል ብቻ ነው የሠራችው፤ አሜሪካ ሸርማንን ወደ 50 ሺህ አምርታለች። በጌሙ ግን ሁሉም ታይገር መንዳት ይፈልጋል፤ ሜዳውም ጀርመን ያልነበራትን የታይገር ብዛት ያሳያል። የእኛን ሰማይ ያየ ኤፍ-5 እና ሚግ-21ም፣ በኦጋዴን ጦርነት የተፋለሙት፣ ዛሬ ሁለቱም በዋር ተንደር አሉ፤ ጌሙ ግን እንዲመጣጠኑ አድርጎ ያገናኛቸዋል እንጂ ማን ነዳቸው የሚለውን አያውቅም።

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን «እኛ ያሸነፍነው ታንክ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዋር ተንደርን ከፍተን የኢጣሊያን መስመር አሳየሁት። ከታች፣ በመጀመሪያው ደረጃ፣ ኤል 3 የምትባለው አለች፤ ከሦስት ቶን እምብዛም የማትበልጥ፣ ሁለት ሰው የምትይዝ። የእሷ ዓይነት ታንኮች ናቸው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ የጎጃም ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጊና ላይ ሲገጥም ፊቱ የቆሙት፤ ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። ልጁ ታንኪቱን ነዳት። ዞር ዞር አላት። ከዚያ ቆም አደረጋትና ስክሪኑን አየ።

«አጎቴ፣ ይህች ማማ የላትም። መተኮስ የምትችለው ወደ ፊት ብቻ ነው። ከኋላ ቢመጡባትስ?»

«ከኋላ ነው የመጡት» አልሁት።